የጋትሉዋክ ጥፋት

ሰኞ

ማፊ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የሰማሁት ቃል ይኸው ነው፣ በዚህ አገር አረብኛ "የለም" ማለት። "ራሔል፣ ኔት ማፊ!" ከሒሳብ ክፍል፣ ከመጋዘን፣ ከሾፌሮቹ ክፍል ሳይቀር። ግማሹ ኮምፒውተር ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም። ጠዋት የሠራው ከምሳ በኋላ ይሞታል። የሞተው ደግሞ አጥፍተው ሲያበሩት አንዳንዴ ይነሳል።

በዚህ የእርዳታ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ማለት እኔና ጋትሉዋክ ነን። ጋምቤላ አድጎ፣ ጅማ ተምሮ ወደዚህ፣ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው። አማርኛ ቀልድ ከእኔ በላይ ያውቃል። ዛሬ ግን አልቀለደም። ቅዳሜ ብቻውን ገብቶ የሰርቨሩን ሲስተም አዘምኗል።

"ምን ነካካህ?" አልኩት።

"ማዘመን እንዳለብኝ አንቺም ታውቂያለሽ። ሞክሬው፣ ሲሠራ አይቼ ነው የወጣሁት።"

ልጄንም በስልኬ ቪዲዮ ማየት አልቻልኩም። አዳማ ከእናቴ ጋር ናት፣ ሰኞ ሰኞ ትጠብቀኛለች። በጋትሉዋክ ተናደድኩ።

ማክሰኞ

ወደ አሮጌው ሲስተም መለስነው። አልዳነም።

"የሲስተሙ ጥፋት ቢሆን ሲመለስ መዳን ነበረበት" አለኝ ጋትሉዋክ።

"አመላለሱ ልክ አልሄደም ማለት ነው" አልኩት። ቀና ብዬም አላየሁት።

ከሁሉ የከፋው የመድኃኒቱ ነገር ነው። ገጠር ያለው የሕክምና ጣቢያችን የስልክ ኔትወርክ አያገኝም፣ ያለው የሳተላይት ኢሜይል ብቻ ነው። የሚያስፈልጋቸውን ዝርዝር እስከ ማክሰኞ ቀትር ይልካሉ፣ አውሮፕላኑ ረቡዕ ጭኖ ይሄዳል። ዝርዝሩ ደርሷል፣ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጧል። የመጋዘን ሰዎች ኮምፒውተር ግን ሰርቨሩ ጋ አይደርስም። ሰርቨሩ በተቆለፈበት ክፍል ዝርዝሩ ሳይከፈት ቆየ። ያየነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። የጭነት መዝገቡ ተዘግቷል።

ረቡዕ

አውሮፕላኑ የእኛን ሳጥኖች ሳይዝ ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት ምክንያቱን ዛሬውኑ በጽሑፍ ይፈልጋል አለ። ጻፍኩ። "የችግሩ መነሻ በቂ ፍተሻ ሳይደረግ የተካሄደ የሰርቨር ሲስተም ማዘመን ነው።" እሱም ከፊርማዬ ስር ፈረመ።

ከሰዓት በኋላ ጋትሉዋክ እስኪጣራ ድረስ ከሥራ ታገደ። ውሉ በዚህ ወር ማብቂያ ያልቃል፣ ታግዶ ሳለ ማን ያድስለታል? የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"የታየኝን ነው የጻፍኩት።"

"እሺ።"

ዝናብ ነበር፣ በዚያው ዝናብ ሞተር ላይ ተፈናጦ ሄደ።

ሐሙስ

የዛሬውን መጻፍ አለብኝ።

የግዢ ክፍሏ ሠራተኛ ላፕቶፕ እንደገና ሞተ። ቁጭ ብዬ አድራሻውን አየሁት። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሲነሳ "አድራሻ ስጡኝ" እያለ ይጮኻል፣ ሰርቨራችን ሰምቶ ቁጥር ይሰጠዋል። የእኛ ቁጥሮች በአሥር ይጀምራሉ። የእሷ በ192 ይጀምራል። ሰርቨራችን እንዲህ ዓይነት ቁጥር ሰጥቶ አያውቅም። ሌላ አዳይ አለ ማለት ነው። ሁለት አዳይ ሲኖር ኮምፒውተሩ ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል። አንዱ የሚሠራው፣ ሌላው የሚሞተው ለዚህ ነው።

የሌላውን አዳይ ገመድ እየተከተልኩ ሄድኩ። ከኔትወርክ ማከፋፈያው ወጣ፣ ኮሪደሩን አለፈ፣ የእኔ ቢሮ ገባ። ጠረጴዛዬ ስር ገባ።

የእኔ ራውተር ነው። ቢሮዬ ኮንቴይነር ነው፣ ብረቱ ዋይፋይ አያስገባም፣ ልጄን ለማየት ውጭ ፀሐይ ላይ መቆም ነበረብኝ። ባለፈው ዓርብ ከመጋዘን አንዲት አሮጌ ራውተር አውጥቼ ሰካሁ። አድራሻ ማደሏን ማጥፋት ነበረብኝ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሞከርኩ፣ ስልኬ ሠራ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ረሳሁ። የራሴ ኮምፒውተር አድራሻ በእጅ የተሞላ ስለሆነ እሱ አንድ ቀን አልተቋረጠም።

ሠልጣኞችን ሳስተምር "መጀመሪያ አድራሻውን እዩ" እላለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አላየሁም። ጥፋተኛውን አስቀድሜ መርጬ ነበር።

ነቀልኳት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ተነሳ። ኮሪደሩ ላይ አጨበጨቡልኝ። አንዷ ቀዝቃዛ ሶዳ አመጣችልኝ። ጠጣሁት።

ዓርብ

አልተናገርኩም። ትናንትም፣ ዛሬ ጠዋትም።

ብናገር የማጣው፦ ሥራዬን። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ በሥራው ነው የተሰጠኝ። የልጄን ትምህርት ቤት። ስሜን። ዝም ብል የማጣውን መዘርዘር ጀምሬ ተውኩት።

ማርታ አትላባራ ሰፈር አብራኝ የምትኖር የቤተ ክርስቲያን እህቴ ናት። ለእሷ ነገርኳት። "የሆነው ሆኗል፣ በጌታ ፊት ንስሐ ግቢና እረፊ" አለችኝ።

"የተበደለው ግን ጋትሉዋክ ነው" አልኳት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ፣ ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋው።

"ሪፖርቱ ሄዷል፣ እኔም ፈርሜበታለሁ። ኔትወርኩ ሠርቷል። አንድ ሰው አጥተናል፣ ለምን ሁለት እናጣለን? በጽሑፍ ካላመጣሽው እኔ ምንም አልሰማሁም። ሄደሽ እረፊ።"

ደግ ሆኖ ነው የተናገረው። ይኼ ነው ያስፈራኝ። ለአንድ አፍታ፣ እውነቱን ልጻፍ፣ ልቤ ቀለል አለኝ። ውጭ ስወጣ በራሴ አፈርኩ።

ቅዳሜ

ኮር ዊሊያም ሰፈር፣ ጋትሉዋክ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በር ላይ አገኘችኝ። እኔን ስታይ ፊቷ ላይ የሆነውን አልረሳውም፣ ደስ አላት። ወደ ሥራ ሊመልሱት የላኩኝ መስሏታል።

ጓሮ ከዛፉ ስር ቁጭ ብሎ የሰው ስልክ ይጠግናል። ሳልቀመጥ ነገርኩት። ራውተሯን፣ ዓርብን፣ ልጄን፣ ሪፖርቱን፣ ሥራ አስኪያጁ ያለኝን። መፍቻውን አስቀመጠ።

"ማክሰኞ፣ 'ሲመለስ መዳን ነበረበት' ስልሽ ሰምተሽኝ ነበር?"

"ሰምቼሃለሁ።"

"እሱ ነው የሚያመኝ። ራውተርማ ማንም ይረሳል። እኔም ልረሳ እችላለሁ። አንቺ ግን ሰምተሽኝ ነው የጻፍሽው።"

ሚስቱ ውሃ አመጣችልኝ፣ እሱም ያልኩትን በቋንቋቸው ነገራት። አላየችኝም። ብርጭቆውን ሳልጨርስ መልሳ ወሰደችው።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ማርታ ብቻዋን ሄደች።

ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ራሴን አለሳልሼ ጻፍኩና አጠፋሁት። ሦስተኛው አጭር ነው። "የረቡዕ ሪፖርቴ ስህተት ነው። መነሻው እኔ ሳላስፈቅድ የሰካሁት ራውተር ነው። ጋትሉዋክ ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ሲስተሙን ሲያዘምን ሥራውን በትክክል ሠርቷል፣ ምልክቱንም ነግሮኝ አልሰማሁትም።" ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ግልባጭ ለሥራ አስኪያጁና ለጋትሉዋክ። ላክሁት።

ከዚያ ለልጄ ደወልኩላት። "እማ ምናልባት ትመጣለች" አልኳት። "መቼ?" አለች። አላውቅም።

ሰኞ

ሥራ አስኪያጁ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ከዋናው መሥሪያ ቤት መልስ መጣ፣ ሁለት መስመር። ረቡዕ በአራት ሰዓት እኔም ጋትሉዋክም በስብሰባ እንድንገኝ። ሌላ ምንም የለውም።

ለሕክምና ጣቢያው ነርስ ራሴ ጻፍኩላት፣ ምን ሆናችሁ አልኳት። ከሌላ ድርጅት መድኃኒት ተበድረው ሁለት ቀን እንደገፉ፣ ሳጥኖቹም ዛሬ በሌላ በረራ እንደደረሱላቸው መለሰች። "ግን ከበሩ የመለስናቸው ሰዎች ነበሩ፣ የት እንደሄዱ አናውቅም" ትላለች። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላውቅም።

ከምሳ በኋላ ከጋትሉዋክ መልእክት ገባ። ለመክፈት ፈራሁ።

"ደብዳቤሽን አነበብኩት። ሲስተሙን ያዘመንኩት ቅዳሜ ከሰዓት ነው ብለሻል። ጠዋት ነው። አስተካክይው።"

አስተካክዬ ለሁሉም እንደገና ላክሁ። ወዲያው አነበበው። ስለ ይቅርታ አንድ ቃል አልጻፈም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

"ረቡዕ እመጣለሁ" ብሎ ብቻ ጻፈ።