የጭቃ ጎማና የልዕልት ክርስትና

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ሙላቱ፤ ደብረ ታቦር።

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? የጉና ብርድ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? እማዬስ፣ ወገቧ ተሻላት? ዓይንዎስ እንዴት ነው? ይህን የመጨረሻውን ለወጉ ያህል አልጠየቅሁም፤ በኋላ እመለስበታለሁ። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሦስታችንም ጤነኞች ነን። ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመን ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዋሸሁዎት ነው። ጥር ሃያ ሁለት ቀን ደውዬ፣ ልጄ ልዕልት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች ብዬዎት ነበር። እርስዎም ደስ ብሎዎት ጎረቤት ጠርተው አስመረቁላት። ልጅቱ ግን ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን አልደረሰችም። በስልክ ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ድምፅዎን ስሰማ አቃተኝ። ወረቀት ፊት ስለሌለው ይሻላል።

ነገሩ የተበላሸው በጎማ ነው። የገዛሁት መኪና አራቱም እግሩ የሚጎትት ፎርዊል መሆኑን ነግሬዎታለሁ። ኅዳር ላይ ጎማ ላስቀይርለት ሴቨን ኮርነርስ በሚሉት ሰፈር ቢራቱ የሚባል ጎሚስታ ዘንድ ሄድሁ። የወለጋ ልጅ ነው፤ እጁ ሥራ ያውቃል፣ አፉ ቁጥብ ነው። እዚያ ግድግዳው ሥር ጥርሳቸው የወፈረ የጭቃ ጎማዎች ተደርድረው አየሁ፤ ቁርጥ የላንድሮቨርዎን ጎማ። አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በሾፌርነት ሲሠሩ፣ በነሐሴ ጭቃ ወደ ጋይንት ሲወርዱ፣ እኔን ጋቢና አስቀምጠው፣ ጎማ ማለት ጥርሱ ነው፣ አራቱም ከጎተቱ መሬት አይከዳህም ይሉኝ የነበረው ትዝ አለኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቢራቱ እነዚህ ለጭቃ እንጂ ለበረዶ አይሆኑም፣ ለበረዶ ወራት የተሠራውን የዊንተር ጎማ ውሰድ ቢለኝ፣ እኔ የሾፌር ልጅ ነኝ፣ ስለ ጎማ አታስተምረኝ አልሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እውነቱን ልንገርዎት፣ የገዛኋቸው ስለናፈቁኝ ነው።

ቅዳሜ ጥር ሃያ ሁለት፣ ለክርስትናው ከሲልቨር ስፕሪንግ ስንነሣ በረዶው ከቁርጭምጭሚት አልፎ ነበር። የልዕልት ክርስትና እናት ሃኒ ደውላ፣ መንገዱ አያስኬድም፣ ሌላ ቀን ይሁን ብትለኝ፣ ሰማንያ ቀን አንድ ጊዜ ነው ብዬ እምቢ አልሁ። ፎርዊሉን አስገባሁ። መኪናዋ ዳገቱን እንደ በቅሎ ወጣችው፤ ሌላው ሰው መንገድ ዳር ሲቆም እኔ እያፏጨሁ አለፍሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ያለበት ከተማ፣ አሌክሳንድርያ፣ ልንገባ ስንል አንድ ቁልቁለት አለ፤ ከሥሩ ቀይ መብራት በራ። ፍሬን ረገጥሁ፤ አልያዘም። መሪውን ባዞረው መኪናዋ አልሰማችኝም። መስቀለኛውን መንገድ በጎኗ ተንሸራታ አለፈችና ማዶ የተቆለለ በረዶ ውስጥ ገብታ ቆመች። በዚያች ቅጽበት ከጎን መኪና ቢመጣ ኖሮ ይህን የሚጽፍልዎ ሌላ ሰው ነበር። ባለቤቴ ስሂን ከኋላ ወንበር ልጇ ላይ ተደፍታ ድንግል ማርያምን ትጠራለች። ልዕልት ከእንቅልፏም አልነቃች። የሚጎትተን መኪና እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ጠበቅን፤ ቅዳሴውም አለቀ።

ሰኞ አንገቴን ደፍቼ ቢራቱ ዘንድ ተመለስሁ። አልሳቀብኝም። ብርድ ላይ ያደረውን የእኔን ጎማና የዊንተሩን ጎማ በአውራ ጣቴ አስጫነኝ። የእኔው እንደ ግንድ ደርቋል፤ የዊንተሩ ግን ለስላሳ ነው፣ ጥርሱም ላይ በምላጭ የተሰነጠቀ የሚመስል ቀጫጭን መስመር ሞልቶበታል። በረዶውን የሚይዘው ይኸ ነው አለኝ። ፎርዊል ለመሄድ እንጂ ለመቆም አይረዳህም፣ ፍሬን ላይ መኪና ሁሉ እኩል ነው አለኝ። ሁለቱን ብቻ እንዲቀይርልኝ ብጠይቀው፣ የፊቱ ይዞ የኋላው ይከዳሃል ብሎ አራቱንም ቀየራቸው። አባባ፣ የእርስዎ ትምህርት ለጋይንት ጭቃ ልክ ነበር። የማይሆንበት አገር ድረስ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የባሰ በረዶ ወርዶ ከተማው ለሳምንት ተዘጋ። ልዕልት ክርስትና የተነሣችው ከትናንት ወዲያ እሑድ፣ በዘጠና አምስተኛ ቀኗ ነው። ቄሱም ሁሉን ስነግራቸው ከገሠጹኝ በኋላ ለአባትህ ጻፍ አሉኝ። ስንሄድ ከፊቴ ካለው መኪና ርቄ፣ ፍሬኑን ገና ከሩቅ ቀስ አድርጌ እየነካሁ ነዳሁ። ስሂን ከልጅቱ ጋር ኋላ ስለተቀመጠች ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። እዚያ ተቀምጠው ቀስ በል ቢሉኝ ምን ነበረበት እያልሁ፣ መንገዱን ሙሉ ናፈቁኝ።

አሁን ተራው የእርስዎ ነው። ለገና በላካችሁልኝ ፎቶ ላይ፣ ጡረታ ሲወጡ የገዟትን ላንድሮቨር መሪ የያዘው የእህቴ የጸዳለ ባል ገብረሥላሴ ነው። እርስዎ በተሳፋሪው በኩል ተቀምጠዋል። መሪዎን ለሰው ሰጥተው አያውቁም። ምነው ብዬ ብጠይቅዎ ጉልበቴን አሞኝ ነው አሉኝ። የልዕልትን ፎቶ ልኬ ማንን ትመስላለች ብልዎት ወሬ ቀየሩ። ሩቅ ያለ ሰው እንዳይጨነቅ ብላችሁ እንደምትደብቁ አውቃለሁ፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ዓይንዎ ደክሞ ከሆነ ግን ይንገሩኝ። አሳባችን ከሁለት ዓመት በኋላ ለመምጣት ነበር። ብርሃኑ እየቀነሰብዎ ከሆነ ግን ሁለት ዓመት አልጠብቅም፤ ለፋሲካ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። ሳይመሽብን የልጅ ልጅዎን ፊት እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ስመው ሰላም ይበሉልኝ። ገብረሥላሴንም ሰላም በሉልኝ፤ መኪናዋን ጉድጓድ ቢከታት ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው። ስሂን ለሁላችሁም እጅ ትነሣለች።

እህቴ ጸዳለ፣ ይህን ለአባባ የምታነቢላቸው አንቺ ከሆንሽ፣ ስለ ዓይናቸው የጻፍሁትን ዘለሽ አትለፊ። መልሱን ሲነግሩሽም እንዳለ ጻፊልኝ፤ እንዳታሳምሪው።

ልጅዎ ዓባይነህ ሙላቱ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
የካቲት 9 ቀን 2002 ዓ.ም.