አሮጌው መንገድ የትኛው ነው?

ቦንጋ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፦ በፊት በር በኩል ባጃጅ አሥራ ዘጠኝ፣ የጭነት መኪና የለም። በኋላ በር በኩል የጭነት መኪና አራት። በኮረብታው በኩል በአዲሱ መንገድ ያለፈውን ከዚህ ሆኜ መቁጠር አልቻልኩም።

ወንድሜ ሰሚር፣ አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ሰነበተ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይ? የጆሃንስበርግ ኑሮስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ናት።

ከላይ ያለውን ከማስታወሻ ደብተሬ ነው የገለበጥኩት፤ አበደች እንዳትል፣ ዛሬ ዋናው መንገድ የትኛው እንደሆነ ለማየት ነው የቆጠርኩት። ባለፈው በስልክ «አሮጌው መንገድ» ስልህ «የትኛው አሮጌ?» አልከኝ፤ መስመሩም ተቋረጠ። በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው።

ከተማው የድሮ የይዞታ ወረቀቶችን በአዲስ እየቀየረ ነው። የአባባን፣ የሱቁን፣ ይዤ ሄድኩ። አዋሳኙ «በአንድ ወገን ዋናው መንገድ፣ በሌላው ወገን አሮጌው መንገድ» ይላል። ቀኑን እርጥበት በልቶታል። ጉዳዩን የያዘው በእምነት የሚባል ጨዋ ልጅ ደጋግሞ አነበበና «እትዬ ዙሌካ፣ ዋናው የቱ ነው? አሮጌውስ?» አለኝ። አጣርቼ እመለሳለሁ ብዬው ወጣሁ።

ልጆች ሳለን ዋናው ከሱቁ ፊት የሚያልፈው ጠጠር መንገድ ነበር፤ አሮጌው ደግሞ የጓሮው የበቅሎ መንገድ። ኋላ አስፋልቱ ከበቅሎው መንገድ ወዲያ፣ የጎረቤታችንን የጋሽ ሣህሌን ግቢ ቆርጦ አለፈ። ዋናው እሱ ሆነ፣ ጠጠሩ አሮጌ ተባለ። ዘንድሮ ደግሞ የጭነት መኪና ከተማ እንዳይገባ በኮረብታው አዞሩት፤ ሰዉ አሁን አስፋልቱንም አሮጌው ይለዋል። ትናንት ባለባጃጁን «በአሮጌው ውሰደኝ» ብዬ ብነግረው ጭራሽ ወዳላሰብኩት ወሰደኝ።

ወረቀቱ ከአስፋልቱ በፊት የተጻፈ ከሆነ ይዞታችን የበቅሎው መንገድ ላይ ያልቃል። ከዚያ እስከ አስፋልቱ ያለው ቁራጭ የጋሽ ሣህሌ ነው፤ የኋላ በራችንም የሚወጣው በሰው መሬት ላይ ነው። ከአስፋልቱ በኋላ ከሆነ ግን ቁራጩ የእኛ ነው። ያለዚያ በር ጭነት የማወርድበት የለኝም፤ ሱቁን ብዘጋው ይቀለኛል።

ጋሽ ሣህሌን ብጠይቃቸው «የራሴን ዕድሜ የማላውቀውን ሰውዬ የመንገድ ዕድሜ ትጠይቂኛለሽ?» ብለው ሳቁብኝ። ቆይተው ግን «አባትሽ ለዚህ ወረቀት ሲለኩ የሜትሩን ጫፍ የያዘው ሰሚር ነው» አሉኝ። እማም የዚያን ቀን ጫማህ ተበላሽቶ እንደመጣ ታስታውሳለች፤ በጭቃ ይሁን በሬንጅ ግን ጠፍቶባታል። አንዴ ጭቃ ትላለች፣ አንዴ ሬንጅ። ሬንጅ ከሆነ አስፋልቱ ያኔ ነበር ማለት ነው።

እኔስ ማንን ልመን? ሜትሩን ይዘህ ስትቆም እግርህ ሥር ምን ነበር? የሚጠቅመንን አትምረጥልኝ፣ ያየኸውን ንገረኝ። ጭቃ ከሆነ ጋሽ ሣህሌን መተላለፊያ እለምናለሁ። እምቢ ቢሉኝ ምን እንደማደርግ ገና አላወቅኩም።

ባለቤትህን ለምያን ሰላም በልልኝ፤ የላከችው ሻርፕ ከእማ ትከሻ አይወርድም። ልጃችሁን ሲፈንን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ። እማ ዱዓዋን ልካለች፣ ጋሽ ሣህሌም ናፍቆታቸውን።

ነገ ሁለት ሰዓት ላይ በእምነትን መልስህ እስኪደርስ የአንድ ወር ጊዜ እጠይቀዋለሁ። ከዚያ ሜትር ተውሼ ጓሮውን እለካለሁ። ጫፉን ጋሽ ሣህሌ ይይዙልኛል።

እህትህ ዙሌካ