ፅጌረዳ የተመታች ዕለት

እታለም ፈትለወርቅ፣ እንደምን ሰንብተሻል? የጂማ ዝናብ ጉልበትሽን አላስቸገረሽም? ባለቤትሽ ኢዮብስ፣ ትንሿ ህይወትስ እንዴት ናቸው? እማ ደህና ናት፤ ገብሱም ታጭዶ ተከምሯል። እኔም በአካል ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ልቤ ግን ሰላም አጥቷልና ለእማ ያልነገርኩትን ለአንቺ ልጻፍ።

ወገዳ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀጥሬ ለሕመምተኛ ካርድ አወጣለሁ ብዬሽ ነበር። ነርሷ ፅጌረዳ አገሩን ሳላውቅ ቤት ፈልጋ ያስገባችኝ፣ እንደ እህት የያዘችኝ ናት። በጥቅምት መጀመሪያ ገብሬ የሚባል የገጠር ሰው ልጁን አሳክሞ ወሰደ፤ ልጁ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ከቀብር መልስ መጥቶ ፅጌረዳን፣ «ተመልሼ እመጣለሁ፤ ያኔ ባዶ እጄን አይደለም» አላት። ለክሊኒኩ ባለቤት ለአቶ ተክለሃይማኖት ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው። «ሐዘንተኛ ነው፤ ይበርድለታል» አሉ። ዛቻውን የጻፈው የለም፤ ዘበኛውም አልሰማም።

በገበያው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ገብሬ ዱላውን ይዞ መጣ። ዱላ የያዘ ገበያተኛ ዘበኛውን ምን ይገርመዋል፤ አሳለፈው። ፅጌረዳ መርፌ ክፍል ብቻዋን ነበረች። ወደ ጓሮው በር ሮጠች፤ ተቆልፏል፤ ቁልፉ አቶ ተክለሃይማኖት ኪስ ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ክፍል መጣች። እታለም፣ እኔ ፈርቼ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት። «እሸቱ፣ ክፈትልኝ» ስትል ሰማኋት። ክንዷ ሲሰበርም ሰማሁ። ያስጣሏት ገበያተኞች ናቸው። ገብሬን ሲይዙት ዱላውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር አሉ፤ አሁን ታስሯል።

በሳምንቱ አቶ ተክለሃይማኖት፣ ጽሕፈትህ ያምራል ብለው፣ እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም ደንብ እንድጽፍ አዘዙኝ። ዛቻ በዕለቱ ይመዝገብ፣ ዘበኛውም ሠራተኛውም ይስማው፤ ዱላ በር ላይ ይቅር፤ የጓሮው በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ ይከፈት፤ የተጎዳ ሰው እስኪድን ሥራው ይጠብቀው ብዬ ጻፍኩ። ነርስ ብቻዋን አትሥራ የሚለውን፣ «ሰው ከየት ላምጣ?» ብለው ሊሰርዙት ነበር፤ ሁላችንም አንፈርምም ስንል ተዉት። ልጅ የሞተበትን አስቀምጦ ሐኪሙ ራሱ ያነጋግረው የምትለዋን ያመጣችው የጽዳቷ ዓለምዬ ናት። «ለገብሬ ልጁ በምን እንደሞተ የነገረው የለም እኮ» አለች። እውነቷን ነው።

ረቂቁን ይዤ ፅጌረዳ ዘንድ፣ እናቷ ቤት፣ ሄድኩና አነበብኩላት። «ውስጥ ያለው ሰው ለሚሸሸው ይክፈት የሚል የለውም» አለች። እዚያው ፊቷ ጻፍኩት። ይቅርታ ልጠይቃት ስል፣ «ጻፍከው አይደል፤ በል ሂድ» አለችኝ።

በስብሰባው ይህችን ነገር ማን ጨመራት ሲባል፣ በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ ብዬ ተናገርኩ። ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ደንቡ ተፈርሞ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ፅጌረዳ ግን አልተመለሰችም፤ ጣቶቿ መርፌ አልይዝ ብለዋታል።

እማ የፅጌረዳን መመታት እንጂ እኔ ያደረግኩትን አታውቅም። በስልክ እንዳትነግሪያት፤ ለገና ስሄድ ዓይኗን እያየሁ ራሴ እነግራታለሁ።

ኢዮብን እጅ ነስቷል በይልኝ። ህይወትን ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽ እትዬ የሺም በጸሎታቸው ያስቡኝ። አንቺ ይህን አንብበሽ ዝም ብትይኝም አልቀየምሽም።

ወንድምሽ እሸቱ
ወገዳ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.