አዲሷ ኮከብ በወጣችበት ክረምት

ይታይሽ ዓለሜ፣

አፈር ከለበስሽ ሁለተኛው መኸር ደረሰ። እንደምን አለሽ እንዳልልሽ አንደበቴ ይያዛል። እኛስ ደህና አይደለንም። ይህን የምጽፍልሽ ሽንፋ ወንዝ ዳር፣ በእህትሽ ማሽላ ማሳ ውስጥ ካለችው ጎጆ ሆኜ ነው። የመተማው ቤታችን ባዶውን ቀርቷል። ወሰኑ ላይ እንግሊዝና ጣሊያን በመድፍ ይደባደባሉ። አውሮፕላን ሲያጉረመርም ልጃችን ተዋበች እግሬ ላይ ተጠምጥማ ትንቀጠቀጣለች። አይዞሽ እላታለሁ።

ትናንት «እማየም ትፈራ ነበር?» አለችኝ። ያን ጊዜ ስለ ኮከቧ ነገርኋት።

ጣሊያን መተማ በገባ ሰሞን ነበር። አንቺ ተዋበችን አርግዘሽ ቀንሽ ተቃርቧል። ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር፣ ንጋት ላይ፣ በሰሜን በኩል ከዚያ በፊት ያልነበረች ኮከብ ትታይ ጀመር። የሰፈሩ አሮጊቶች «በሷ ወራት የተወለደ አያድግም» አሉ። ይህን ከሰማሽ ወዲህ ፀሐይ ሳትወጣ ደጅ አልወጣሽም፤ ብርሃኗ እንዳይገባ ብለሽ የግድግዳውን ሽንቁር ሁሉ በጭቃ ደፈንሽው።

ኮከብ የሚመረምሩ ሁለት ፈረንጆች ከሱዳን መጥተው ከወሰኑ ወንዝ ማዶ ጉብታው ላይ ድንኳን መትከላቸውን ሰማሁ። ኮከቧን ቀድሞ ያየ ሰው ይፈልጋሉ ተባለ። ሰሊጥ ስነግድ ዓረብኛ ለምጄ ስለነበር ልሂድ አልሁ። «አትሂድ፤ ጣሊያኖች ወሰን የተሻገረን ይሰቅላሉ» ብለሽ ነጠላዬን ይዘሽ አለቀስሽ። እኔ ግን የልጃችንን ነገር ልጠይቃቸው ቆርጬ ነበር።

ሦስት እግር ባለው ረጅም መነጽራቸው አሳዩኝ። ትንሽ ነጥብ ነበረች፤ ትርገበገባለች። «ልጅ ትገድላለች ወይ?» አልሁት ከሁለቱ ሽማግሌ የሆነውን። አልሳቀብኝም። «ድሮም ነበረች፤ ደብዛዛ ስለሆነች ሰው አላያትም። አሁን ፈንድታ ነው የበራችው። ዐይን የማያየው ብርሃንም ሳይኖራት አይቀርም። ይህ የምታየው ብርሃን አንተ ሳትወለድ ከዚያ የተነሣ ነው፤ ስለ ልጅህ የሚያውቀው ነገር የለም» አለኝ።

ደስ ብሎኝ ስመለስ የጣሊያን ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ወንዙ ውስጥ ያዙኝ። ለካ መነጽሩን ከምሽጋቸው አይተውት ኖሯል፤ ሰፈራቸውን የሚሰልል መስሏቸዋል። ግራር ላይ አሰሩኝ። በማግስቱ ሲነጋ እንደምሰቀል አስተርጓሚያቸው ነገረኝ። ያን ቀን ሙሉ ገመዱን እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም።

ሊነጋጋ ሲል ድምፅሽን ሰማሁ፤ መያዜን ሰምተሽ ኖሯል። ሆድሽን በሁለት እጅሽ ደግፈሽ፣ ራስሽን ሳትሸፍኝ፣ እዚያች ኮከብ ሥር ቆመሻል። «ያቻትልህ! እሷን ሊያይ ነው የሄደው! ለልጁ ፈርቶ ነው!» እያልሽ ጣሊያኑን ሹም ኮከቧን ታሳዪዋለሽ። ቀና ብሎ ብዙ አያት። እሱም ሰንብቶ ሲያያት ኖሯል መሰለኝ፣ ፊቱ ተለወጠ። «ምን አሉህ?» ብሎ አስጠየቀኝ። ሽማግሌው ያለኝን አንድ ሳላስቀር ነገርሁት። ከዚያ ገርፋችሁ ልቀቁት አለ።

ቤት እስክንደርስ ጥርስሽ ይንገጫገጭ ነበር። ያን ዕለት ማታ ተዋበች ተወለደች። ኮከቧ እየደበዘዘች ሄዳ ጠፋች፤ ልጅሽ አደገች። አንቺን የወሰደሽ ወባ ነው።

«ትፈራ ነበር» አልኋት ለተዋበች። «እየፈራች ነው የመጣችው።»

ነገ ወደ ጭልጋ ደጋ ይዣት እወጣለሁ። መንገዱን እፈራለሁ። ከአውሮፕላኑ የሚወርደው የቦምብ ብርሃን እኔንና እሷን ፈልጎ እንደሚመጣ ይሰማኛል፤ ያንን እንደ ኮከቧ የሚያስረዳኝ ሰው የለም። መተማ የቀረውን መቃብርሽንም መድፍ ነክቶት እንደሆነ አላውቅም፤ ሳልሰናበተው መሄዴ ያንገበግበኛል።

አልረሳሽም ብዬ ብቻ አልምልልሽም፤ ዛሬ ያለሁ ነገ ላልኖር እችላለሁ። ስለዚህ ስምሽን ከነአባትሽ፣ ከነአያትሽ ለተዋበች እያስጠናኋት ነው። ዛሬ ሳትሳሳት ጠራችው። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብሆን እንኳ እናትሽ ማን ናት ሲሏት ትመልሳለች።

ባልሽ