ማለቂያ ያጣው «ይቅደሙ»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ጉድ ነው ደብተሬ! ሠላሳ አንድ ተማሪ፣ አንድ ዓይነት መልስ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ፕሮግራም ከነስህተቴ ሸምድደውታል። ቁጥሩን የቀየርኩበት ጥያቄ ላይ ሁሉም ባዶ። ምን ያድርጉ? የኮሌጁ ኮምፒውተር አንድ፣ እሱም ጨርቅ ለብሶ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ጓድ ዲን ኪስ ውስጥ ነው።

ከሰዓት ዲኑ አስጠሩኝ። ሐሙስ ክፍል ገብተው ሊያዩ ነው። ተማሪው ካልገባው የኮምፒውተር ትምህርቱ ይታጠፋል፣ እኔም ወደ ሒሳብ እመለሳለሁ። ሒሳብ አልጠላም። ይሄንን ግን እወደዋለሁ፣ በቃ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7፣ ጠዋት 1 ሰዓት

የቀበሌ ሱቅ፣ የስኳር ወረፋ። ግማሹ ሰልፍ ድንጋይ ነው፤ ባለቤቶቹ ቤታቸው ተኝተዋል። ድንጋዩን ግን ማንም አይነካም፣ ሰው ነዋ! ቆይ... ድንጋይ ሰው ከሆነ፣ ተማሪዎቼ ራሳቸው ኮምፒውተር ቢሆኑስ?

ያው ዕለት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሳቄ አላቆመም። ግቢ አስወጥቼ አሰለፍኳቸው፣ ለያንዳንዱ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት። ደንቡ፦ ከፊትህ ያለው ቁጥሩ ካንተ ከበለጠ ቅደመው፤ የሚቀድም እስኪጠፋ ድገም።

መሃል ላይ አቶ ላታሞ። ሃምሳ ዓመታቸው ነው፣ ቱላ ከተማ ሃያ ዓመት አስተምረው ለዲግሪ የመጡ። ቁጥራቸው 9። ከኋላቸው ብርቱካን፣ 4 ይዛ። ደንቡ ነውና ቀደመቻቸው። ወዲያው አፈረች፤ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!» ብላ መለሰቻቸው። ደንቡ እንደገና ቅደሚ አላት። ቀደመች፣ አፈረች፣ መለሰች። ሰልፉ በሙሉ ቆሞ ጠበቀ።

ማለቂያ የሌለው ዙር ማለት ይሄ ነው አልኳቸው፤ ኮምፒውተር መብራት እስኪጠፋ እንዲህ ይለፋል። ከዚያ ጩኸት! ገባቸው! ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ዲኑ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ሰሌዳው ላይ የማያቆም ፕሮግራም ጻፍኩ። ችግሩን ማን ይነግረኛል ብለው ዲኑ ራሳቸው ጠየቁና አቶ ላታሞን ጠቆሙ።

አቶ ላታሞ ተነሡ፤ ደብተራቸውን አልገለጡም። እኛ ዘንድ እንግዳ ብላ ሲባል ሁለቴ እምቢ ይላል፣ በሦስተኛው ወደ ገበታው ይቀርባል አሉ። ይሄ ፕሮግራም ግን ስንት ጊዜ እምቢ እንዳለ አይቆጥርም። ጠመኔ ተቀብለውኝ ዙሩን የምትቆጥር አንዲት መስመር ጨመሩ፣ ሦስት ላይ አቆሙት። ዲኑ ሊፈትኗቸው አምስት ላይ ይቁም አሉ። አቶ ላታሞ አንዲት ቁጥር አጠፉ፣ አንዲት ጻፉ፣ አለቀ።

ዲኑ ሳቁ። ደብተሬ፣ ጓድ ዲን ጥርስ እንዳላቸው ዛሬ አወቅኩ!

ዓርብ፣ ኅዳር 9

ትምህርቱ ይቀጥላል! ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒውተሩ ለሁለት ሰዓት ይከፈትልናል። ከደስታ ብዛት ምሳ አልበላሁም።

አንድ ነገር ወስኛለሁ። የሚቀጥለው ሴሚስተር አዲሶቹ ተማሪዎች የዙር ትምህርት ላይ ሲደርሱ አቶ ላታሞ ያስተምሯቸዋል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ማስታወሻ እይዛለሁ። ገና አልነገርኳቸውም።