ልጅህ ዓይኗን የጨፈነችበት ፊልም

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ አሁንም ከወንበር ስትነሳ ይይዝሃል ወይስ ለቀቀህ? ባለቤትህ እንዴት ናት? እማዬስ? ትንሹ ልጅህስ? ትምህርት ቤትህ፣ አስተማሪዎችህ፣ ያ ስትቆጣ ጣሪያ የሚያነቃንቀው ድምፅህ ሁሉም ደህና ነው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጉልበቴ ትንሽ ያስቸግረኛል፤ ቀኑን ሙሉ የልብስ መተኮሻ ማሽን ፊት ቆሞ የሚውል ጉልበት ምን ያድርግ? ልጅህም ደህና ናት። ከመጣች ወዲህ በቁመት አልፋኛለች፣ በአፍም እንደዚያው።

ቁጣህ ደርሶኛል። በስልክ ያስቀመጥክልኝን መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። አንተ፣ ደም ተቀብታ የተነሳችውን ፎቶ አየሁ፣ ለትምህርት ብልካት ሰይጣን የሚያዩ ሰዎች ማኅበር ገባች፣ ትኬት ቆርጫለሁ፣ በወሩ መጨረሻ ትመለስ ብለሃል። እሺ። አሁን ደግሞ እኔ ልናገር፣ አንተ አድምጥ። ታላቅህ ነኝ፤ አፍንጫህን ጠርጌ ነው ያሳደግኩህ።

በመጀመሪያ ነገር፣ ደሙ የቲማቲም ድልህ ነው። ከፊልም ጓደኞቿ ጋር ለቀልድ ተቀባብተው ነው የተነሱት።

ደግሞ እኔም መጀመሪያ አንተ ያሰብከውን አስቤ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ ስትለኝ ደስ ብሎኝ፣ ሸሚዟን ራሴ ተኩሼ እሸኛት ነበር። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ እዚያ የሚያዩት እኮ አስፈሪ ፊልም ነው ብላ ጆሮዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ቱግ አልኩ! የሥራ ሽርጤን እንኳ ሳላወልቅ ሄጄ በሩን በርግጄ ገባሁ። አሥራ ሁለት ወንበር፣ ነጭ ግድግዳ፣ የተጋረደ መስኮት። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቀጭን ሴት፣ አየት አደረገችኝና ይቀመጡ፣ ገና አልጀመርንም አለችኝ። ምን ልበልህ፣ ተቀመጥኩ።

ሥራቸው እንዲህ ነው። አንድ ሳምንት በቅርቡ የወጣ አስፈሪ ፊልም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ አፍላ ጎረምሶችና ኮረዶች የተሠራ ፊልም ያያሉ። ከዚያ መብራት ያበሩና ደብተራቸውን ይዘው ይከራከራሉ። አንተ ብታየው ትወደው ነበር። ኃላፊዋ ሁለቱ ዓይነት ፊልሞች መንታ ናቸው ባይ ናት። በሁለቱም ልጅቷ እውነቱን ትናገራለች፣ የቤቱ ትልልቅ ሰዎች ግን አይሰሟትም፤ በአንዱ ጭራቅ ይመጣል፣ በሌላው ልጅቷ በሯን ትዘጋለች ትላለች። ጡረታ የወጣ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር አለ፣ እሱ ይህን አይቀበልም። ጭራቅ ጭራቅ ነው፣ ምን ያመራምራል ይላል። ታዲያ ከሁላችን በላይ ፈሪው እሱ ነው፤ ያን የሚያክል ሰውዬ ፊቱን በባርኔጣው ይሸፍናል።

አንድ ሕግ አላቸው። ዓይኑን የጨፈነ ሰው፣ መብራት ሲበራ ጨፍኖ ሳለ የታየውን መናገር አለበት። እኔ በመጀመሪያው ቀን ከቁም ሣጥን ውስጥ ሲንኳኳ በሻርፔ ተሸፈንኩ። ተጠየቅኩ። ማንም ሳይነካው የሚከፈትና የሚዘጋ መተኮሻ ማሽን፣ በውስጡም የገዛ እጄ ታየኝ አልኳቸው። ለካ ከቁም ሣጥኑ የወጣችው ድመት ኖራለች! ሾፌሩ የእርስዎን ከምሰማ የፊልሙን አሥር ጊዜ ባይ ይሻለኛል ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ስለ ፍርሃቴ ለሰው ስናገር በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቀለል አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ አልቀረሁም።

ልጅህ ግን ዓይኗን ጨፍና አታውቅም። እሳት የላሰች ናት። አንገት ሲቆረጥ እያየች ፈንዲሻዋን ትበላለች። እዚህ ጋ ሙዚቃው ቀድሞ ነገረን፣ እዚህ ጋ ካሜራው ዋሸን እያለች ትጽፋለች። ያቺ አንተ ቤት ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ፣ ሾፌሩን በክርክር ኩም ስታደርገው ብታይ ዓይንህን አታምንም።

ባለፈው ወር ተራው የኮረዶቹ ፊልም ነበር። ደም የለ፣ ጭራቅ የለ። ልጅቷ የፈተና ውጤቷን ይዛ ወደ ቁርስ ጠረጴዛው ትመጣለች፤ አባቷ ሻይ ያማስላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ዞር ስል ልጅህ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

መብራት በራ። ኃላፊዋ ካልፈለግሽ ይቅር አለቻት፤ እሷ ግን ብድግ አለች። አባትየው ወረቀቱን አነበበ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ምንም ሳይል ወደ ሥራው ሄደ፤ ከዚያ አራት ወር አላናገራትም አለች። በፊልሙ ውስጥ እኮ አባትየው ልጁን አቅፏት ነበር። ሰዎቹ ግራ ተጋቡ፤ እኔ ግን ገባኝ። ወንድሜ፣ ያን ዕለት ቤት እስክንደርስ እጇን አልለቀቅኩም።

ፈተና ስትወድቅ እንዲያ እንዳደረግካት አልነገርከኝም። አየር ቀይራ ትማር ብለህ ብቻ ላክህልኝ። ርዕሰ መምህር ሆነህ የራስህ ልጅ ስትወድቅ ማፈርህ አይገርመኝም። አባታችንም ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይል ነበር፤ እኛም ሆድ ይፍጀው እያልን አደግን። ግን ልጅህ የፈራችው ጭራቁን አይደለም፣ አንተን ነው። ይህን ስጽፍልህ እያዘንኩ ነው፤ ሆኖም አልደብቅህም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ልጅህ እዚህ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ተፈትናለች። ውጤቱ ባለፈው ረቡዕ ወጣ። እሷም አይታዋለች፣ እኔም አይቼዋለሁ፤ ከእኔ አፍ ግን አትሰማውም። ይህን ደብዳቤ መንገደኛ ስለያዘልኝ እስከ ዓርብ እጅህ ይገባል። እሁድ ከሰዓት ራሷ ትደውልልሃለች። ስልኩን ለእናቷ እንዳታቀብል። ትኬቱን ከዚያ በፊት አሰርዘው። መመለስ ካማራት ራሷ ትንገርህና እኔው ሸኝቼ እልካታለሁ፤ ተገድዳ ግን ከዚህ ቤት አትወጣም።

ምን እንደምትላት አሁኑኑ ወረቀት ላይ ጻፍ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ብታልፍም ብትወድቅም የሚሆን ይሁን። ከቸገረህ ላስታውስህ። አንተ ስምንተኛ ክፍል የወደቅክ ጊዜ ከማገዶ ቤቱ ኋላ ተደብቀህ ነበር። አባታችን ስምህንም አልጠራም። እኔ መጥቼ ያልኩህ፣ ተነስ፣ ራት ቀርቧል፣ ያላንተ አልበላም ነው። እያለቀስክ ተከተልከኝ፤ ገበታው ላይ ግን ከሁላችን በላይ የበላኸው አንተ ነበርክ። ልጅህ ይህን አታውቅም። አልነገርኳትም። ታሪኩ የአንተ ነውና አንተ ንገራት።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትዋጥ። ባለቤትህን በጣም ናፍቄሻለሁ፣ ልጅሽ ጠግባ ታድራለች በልልኝ። ትንሹን ልጅህን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። የግቢያችሁን ዘበኛ ሳይቀር ሰላም በልልኝ። ለአንተም ያልጎደለ ፍቅሬ ይድረስህ።

የምትወድህ ታላቅ እኅትህ

ከልብስ መተኮሻ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍላችን
የካቲት ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.