እማ ሳትለው የጻፍሁት

ለምወድህ ወንድሜ ለሳሊም፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካህ የሚነሳብህ ጎንህስ ተሻለህ? ሥራ እንዴት ይዞሃል፣ የምትኖርበት ሰፈርስ ሰላም ነው ወይ? ከዚህ ቀጥሎ «እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን» ተብሎ እንደሚጻፍ ታውቃለህ። እኔም እጄ ለምዶ ልጽፈው ነበር፤ ተውሁት። አራት ወር ሙሉ ስጽፈው ከረምሁ፣ በቃኝ።

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ አያ ጀማሉዲን አጠገብህ አለ። ማልዶ በርህን ያንኳኳው፣ የአገር ልጆች አስከትሎ የመጣውም ለዚሁ ነው። መርዶውን ካረዳህ በኋላ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁና የእማን ነገር አሁን ሰምተሃል። እኔም በራሴ እጅ ልድገመው። እናታችን ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሞተች። የዐሱር ሶላት ሳይደርስ ቀበርናት። አላህ ይርሐማት። ሆዷን አመማት ብዬህ የነበረው ነው የወሰዳት፤ ብዙ አልተሰቃየችም፣ ይህ እውነት ነው።

ምነው ደበቅሽኝ ትለኛለህ። ልክ ነህ፣ በለኝ። ግን ትእዛዙ የሷ ነው። የመኖሪያ ወረቀትህ ሳይወጣልህ ከዚያ አገር ከወጣህ ተመልሰህ መግባት እንደማትችል አንተው ነበርህ የነገርኸን። እሷም ይህን ሰምታ ልቧ ውስጥ አኑራው ኖሯል። ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት እጄን ይዛ፣ ወረቀቱ እጁ ሳይገባ እንዳትነግሪው፣ ደንግጦ የመጣ እንደሆነ ያ ሁሉ ዓመት ከንቱ ይቀርበታል አለችኝ። ሲሰማም ብቻውን እንዳይሰማ፣ በስልክም እንዳይሰማ፣ ሰው ይኑረው አለች። እሺ አልኋት። ምን ልበላት?

ለቀብር የመጣውን ሁሉ ስለምን ዋልሁ። ፌስቡክ ላይ ፖስት እንዳታደርጉ፣ ለማንም ሼር እንዳታደርጉ እያልሁ ከድንኳን ድንኳን ዞርሁ። የአጎታችን ልጅ ፎቶዋን ሊለጥፍ ሲል ስልኩን ከእጁ ነጠቅሁት። ሰው እናቷ ሞታ ስልክ ትነጥቃለች ብሎ ሳያማኝ አልቀረም። ጮኼም አላለቀስሁ፤ አንተ የምትሰማ ይመስለኝ ነበር።

እስከዚህ ድረስ የታዘዝሁትን ነው ያደረግሁት። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የኔው ጥፋት ነው፤ ይቅርታ የምለምንህም ለዚህ ነው።

እማ መልእክት እንዴት እንደምትልክልህ ታውቃለህ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ከዚያ አንብቢልኝ ትላለች። አንድ ቃል ከራሴ ከጨመርሁ ያዘችኝ። እኔ ደግሞ ፒያሳ ስልክ ቤት ውዬ የምመጣ ሰው ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ዳውንሎድ አድርጊልኝ፣ ፎርማት አድርጊልኝ፣ ቼክ አድርጊልኝ ሲሉኝ ነው የምውለው፣ አፌም እንደዚያው ሆኗል። አንድ ቀን ዓይንህ ናፍቆኛል በይልኝ ስትለኝ፣ እኔ ለማሳጠር ሚስ አድርጌሃለሁ ብዬ ጻፍሁ። ሳነብላት ተቆጣች። ናፍቆት ሰው የሚያደርገው ሥራ ነው እንዴ፣ እንጨት ፈለጣ ነው? እሱ ነው እንጂ እኔን የሚያደርገኝ አለችና አስጠፋችኝ። ቢዚ ነኝ ብዬ ስጽፍም እጄ ሥራ ይዟል በይ ትላለች። አንተ ዲፕረስድ ሆኛለሁ ብለህ የጻፍህ ጊዜ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ታዲያ ሆዴን ባር ባር አለኝ አይልም ወይ፣ እንዲያ ቢለኝ እኮ አብሬው አለቅስ ነበር አለች።

ከሞተች በኋላ ያንኑ ስልክ ይዤ ቁጭ አልሁ። አንተ ትጽፋለህ፣ እማ እንዴት አደርሽ ትላለህ። ኔትወርኩ የድምፅም የቪዲዮም ጥሪ የማያሳልፍ መሆኑ በጀኝ፤ ጽሑፍና ፎቶ ብቻ ነበር የሚያልፈው። እኔ በሷ ስም መለስሁልህ። የሚያርመኝ አልነበረም። አለሁ ልጄ፣ ትንሽ ቢዚ ሆኜ ነው፣ አንተ ብቻ ስትሬስ አታድርግ ብዬ ላክሁልህ። ከላክሁት በኋላ ነው የደነገጥሁት፣ አሁን ያውቅብኛል ብዬ። አንተ ግን ሳቅህ። እማ አራዳ ሆነሻል፣ ለጓደኞቼ አሳየኋቸው አልህ። ከዚያ ወዲያ እየቀለድህ ታስተምራት ጀመር፤ ዛሬ ፕራውድ ነኝ በዪ፣ ነገ ኤክሳይትድ ነኝ በዪ ትላለህ። እኔም እላለሁ። ሳሊም፣ አንዳንዴ አብሬህ ስቄያለሁ። የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ በእናቴ ስልክ ላይ ጎንበስ ብዬ ስቄያለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

ለጥምቀት ደግሞ ፎቶዋን ለመንኸኝ። በየዓመቱ ታቦት አጅቦ ወደ ቀሐ ወንዝ የሚወርደውን ሰው ልትሸኝ ነጠላ ለብሳ በር ላይ እንደምትቆም ታውቃለህ። እኔ የአምናውን ላክሁልህ። ሸጋ ነሽ፣ ምንም አላረጀሽ አልሃት። እንዴትስ ታርጅ።

ከዚያ የዛሬ ሦስት ሳምንት ያን መልእክት ላክህ። ቀልዱ ይብቃን፣ በድሮው አፍሽ አንድ ነገር በዪኝ፣ የኔ ሸጋ ካልሽኝ ቆየሽ፣ ዛሬ ሆዴን ባር ባር ብሎኛል አልህ። ስልክ ቤቱ ውስጥ ደንበኛ ቆሞብኝ ነበር። ልመልስልህ ብዬ ጣቴን አነሳሁ። እሷ ብትሆን ምን ትልህ ነበር ብዬ አሰብሁ፣ ስፈልግ ስፈልግ አንድም ነገር አጣሁ። የመጣልኝ ሁሉ ስትሮንግ ሁን፣ ሪላክስ አድርግ፣ እንዲህ ያለው ብቻ ነበር። አርባ ዓመት ጆሮዬ ላይ ስትናገር የኖረችው ሴት አንድ ቃሏ አልመጣልኝ አለ። የሞተች መሆኗ ያኔ ገባኝ መሰል። ኔትወርክ አስቸግሯል ብዬ ላክሁልህና ደንበኛውን ትቼው ወጣሁ።

እየሮጥሁ አልማዝ ቤት ገባሁ። ጎረቤታችን ናት፣ እማን ከኛ እኩል አስታማለች፣ ሁሉንም ታውቃለች። መልእክቱን አሳየኋት። አንብባ ስልኩን መለሰችልኝና፣ ምነው ፈትሂያ፣ የሞተችን ሴት እስከመቼ ታስዋሻታለሽ፣ እሱ እኮ እናቱን እየጠራ ነው አለችኝ። ያን ቀን አለቀስሁ። ከጥቅምት ጀምሮ የያዝሁትን አንድ ላይ አለቀስሁት፤ አልማዝም ቀኑን ሙሉ ይዛኝ ዋለች።

ባለፈው ሳምንት እማ ወረቀቱ ወጣልኝ፣ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ የነገርሁሽ ብለህ ጻፍህ። እሱን አልመለስሁልህም። በሷ ስም እንኳን ደስ ያለህ ማለት አቃተኝ። በዚያው ዕለት ይህን ጀመርሁ፤ ወደ እናንተ ለሚሄድ የአገር ሰውም ለአያ ጀማሉዲን እንዲያደርስልኝ እሰጠዋለሁ።

ወንድሜ፣ መሞቷን መደበቄን አላህም አንተም ይቅር የምትሉኝ ይመስለኛል፤ እማ ብላኝ ነውና። በሷ አፍ መናገሬን ግን እኔም ይቅር አላልሁት። ከጥቅምት ወዲህ እማ ናት ብለህ ያነበብኸው ሁሉ የኔ ነው፤ አጥፋው። ከዚያ በፊት ያለው ግን የራሷ ነው፣ ቃል በቃል የነገረችኝ። እሱን እንዳታጠፋ፣ እባክህ። እኔ ስልኩ ላይ እየተመለስሁ አነበዋለሁ፤ እንደገና መናገር እየተማርሁ ነው።

ከፈለግህ ተቆጣኝ። ዝም ግን አትበለኝ፤ አሁን ከእናት ልጅ የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ። አሁን ወረቀትህ በእጅህ ነው፣ መጥተህ መቃብሯ ላይ ዱዓ ልታደርግላት ትችላለህ፣ ያለችውም እንዲሁ ነበር። ረመዳንም ሊገባ ነው፤ ያለሷ ስንጾመው የመጀመሪያው ነው።

አያ ጀማሉዲንን ስለ ድካሙ አላህ ይስጥልን በልልኝ። አብሮህ የሚኖረውን ልጅ ሰላም በልልኝ፣ በዚህ ሰሞን ብቻህን እንዳይተውህ። አልማዝ እግዜር ያጽናህ ትላለች። ልጄ መርዋ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ሰላም ትልሃለች፤ የእማን ነጠላ ለብሳ ነው የምትተኛው። ባለቤቴ አብዱልመናን አላህ ሰብሩንና ጽናቱን ይስጥህ ይላል። እኔ እህትህ ዓይንህ ናፍቆኛል።

እዚህ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ የምጽፋት አንዲት የእማ ሰላምታ ነበረች፤ ከሞተችም በኋላ አራት ወር ጽፌያታለሁ። ዛሬ ቦታዋን ባዶ ትቼልሃለሁ።

እህትህ ፈትሂያ
ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
የካቲት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.